የመቶ አለቃው ምርጫ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ላይ ዩልዮስ የሚባል ሮማዊ መቶ አለቃ ቁርጥ ውሳኔ ይጠበቅበታል። እስረኞችን ወደ ኢጣልያ እንዲያደርስ ታዟል፤ ከእስረኞቹም አንዱ ቅዱስ ጳውሎስ ነው። የተሳፈሩባት የእስክንድርያ መርከብ እህል ጭናለች። የአይሁድ የጾም ቀን አልፏል፤ በሜዲትራንያን ላይ መርከብ መንዳት የሚያሰጋበት ወራት ገብቷል። በቀርጤስ ደሴት፣ መልካም ወደብ በሚባለው ስፍራ፣ ጳውሎስ «ከዚህ አንለፍ» አለ። የመርከቡ መሪና ባለቤቱ ደግሞ ጉዞው እንዲቀጥል ፈለጉ። ዩልዮስ ከእስረኛው ይልቅ ባለሙያውንና ባለንብረቱን ሰማ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ ሁለት ሳምንት ማዕበል ሲያንገላታቸው ሰነበተ፣ እህሉ ወደ ባሕር ተጣለ፣ መርከቧ መላጥያ ዳርቻ ላይ ተሰባበረች። 276ቱ ነፍሳት ግማሹ ዋኝቶ፣ ግማሹ በሳንቃና በመርከቧ ስብርባሪ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ምድር ወጣ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እምነት ከሙያ እንደሚበልጥ ለማስረዳት ነው። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። በአንድ በኩል ዕድሜውን በባሕር ላይ የጨረሰ የመርከብ መሪ አለ፤ በሌላ በኩል ድንኳን በመስፋት የሚተዳደር እስረኛ። ዩልዮስ መሪውን ማመኑ ሞኝነት አልነበረም። ይሁንና ጳውሎስም ከባሕር ጋር እንግዳ አልነበረም። ቀደም ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው ሁለተኛ መልእክቱ፣ መርከብ ሦስት ጊዜ እንደተሰበረበትና አንድ ሌሊትና አንድ ቀን በጥልቁ ውስጥ እንዳደረ ጽፏል። ዛሬ መኮንን ለመሆን የሚያመለክት ሰው የባሕር ላይ አገልግሎቱን ማስረጃ ያቀርባል፤ ጳውሎስም ወረቀት አይኑረው እንጂ አገልግሎቱ ነበረው። ባለቤቱ ደግሞ መርከቧ ብትቀጥል የሚያገኘው፣ ብትቆም የሚያጣው ነገር ነበረ። መቶ አለቃው የሳተው ባለሙያ በማመኑ ሳይሆን፣ ከሚመክሩት ሰዎች ማን ምን ጥቅም እንዳለው ባለመጠየቁ ይመስላል።

ጥያቄው እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ነፍሳችንን በእጁ የምናስቀምጠው ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ በምን እናረጋግጣለን? ማወቁ ብቻውንስ ይበቃል?

ከዩልዮስ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በተባለው ሥራው አንድ መርከብ ሥሎ ነበር። ባለቤቱ ከሁሉም ግዙፍና ብርቱ ነው፤ ጆሮው ግን ይከብዳል፣ ዓይኑ አጥርቶ አያይም፣ ስለ ባሕር ያለው ዕውቀትም ከዓይኑ አይሻልም። መርከበኞቹ መሪውን ለመጨበጥ ይጣላሉ። አንዳቸውም አልተማሩትም፤ ያስተማራቸውን ሰው ስም መጥራትም አይችሉም። እንዲያውም «ይህ ሙያ በትምህርት አይገኝም» ይላሉ፤ ይገኛል የሚል ቢመጣ ሊቆራርጡት ዝግጁ ናቸው። ወቅቱን፣ ሰማዩን፣ ከዋክብቱንና ነፋሱን የሚያጠናውን እውነተኛ መሪ ከንቱ ኮከብ ቆጣሪ ይሉታል። ፕላቶን በዚህ ምሳሌ የተናገረው ስለ መንግሥት ነበር። ስለ መርከብ ብቻ ቢሆንም ግን ነገሩ እውነት ነበር፤ መሪነት የሚፈተን ዕውቀት ነው የሚለውን ሐሳብ ዓለም ለመቀበል ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

በ1508 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የስፔን ዘውድ አሜሪጎ ቬስፑቺን የመርከብ መሪዎች አለቃ አድርጎ ሾመ። ሥራው ወደ አዲሱ ዓለም የሚሻገሩትን መሪዎች የኮከብ መለኪያ መሣሪያ አያያዝ ማስተማርና መፈተን፣ ላለፉትም ፈቃድ መስጠት ነበር። በእንግሊዝ የአድሚራልቲው ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ በ1677 የባሕር ኃይል መቶ አለቃ ለመሆን የባሕር አገልግሎትና ፈተና እንዲያስፈልግ አስደነገገ። እስከዚያ ሹመቱን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት የመኳንንት ልጆች ነበሩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ገመድ ሲጎትቱ ያደጉት ደግሞ ከሥራቸው ሆነው ይታዘዙ ነበር። የፒፕስ ፈተና የዘር ሐረግን ሳይሆን ዕውቀትን የሚጠይቅ በመሆኑ በጊዜው ትንሽ አብዮት ነበር ማለት ይቻላል።

አብዮቱ ግን ጉድለት አላጣውም። ሆራሺዮ ኔልሰን ለዚህ ፈተና የቀረበው ሚያዝያ 1777 ነው። የፈታኞቹ ሰብሳቢ አጎቱ ሞሪስ ሳክሊንግ ነበር። የተሰጠው ወረቀት ዕድሜው ከሃያ ዓመት በላይ መሆኑን ይገልጻል፤ ኔልሰን ያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነበር። እንግሊዝ ከወለደቻቸው የባሕር አዛዦች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ሰው ወደ ማዕረግ የገባው ዘመድ በሰበሰበው ጉባኤና ሐሰት ባለበት ወረቀት ነው። በዚህ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ፈተናን ሁሉ ያጣጥላል። ሁለቱም የሚዘነጉት ነገር አለ፦ ኔልሰን ባሕር ላይ የወጣው በ12 ዓመቱ ነው። ወረቀቱ ስለ ዕድሜው ቢዋሽም ስለ ችሎታው አልዋሸም።

ለንግድ መርከቦች ፈተናው የመጣው ከዚህ በጣም ዘግይቶ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1836 ያቋቋመው ኮሚቴ መርከቦች ለምን እንደሚሰጥሙ ሲመረምር፣ ከምክንያቶቹ መካከል የካፒቴኖችና የመኮንኖች ችሎታ ማነስና ስካር ይገኙበታል አለ። በ1850 የወጣው ሕግ ወደ ውጭ አገር በሚጓዙ መርከቦች ላይ ለሚሠሩ ካፒቴኖችና መኮንኖች ፈተናን አስገዳጅ አደረገ። በሥራው ላይ የቆዩት ነባሮች ግን ሳይፈተኑ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ልምድና ዕውቀት በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ተመዘገቡ፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚለውን ክርክር ግን ሕጉ አልፈታውም።

በዚህ ሥርዓት ካለፉት ሁሉ ስሙ የሚነሳው ፖላንዳዊው ጆዜፍ ኮንራድ ነው፤ ኋላ በእንግሊዝኛ የጻፈው ታላቁ ደራሲ። በ1880 ለሁለተኛ መኮንንነት ተፈተነ፣ አለፈ። ለአንደኛ መኮንንነት በ1884 ሲቀርብ በመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ። ለካፒቴንነትም በ1886 እንዲሁ ወደቀና በዚያው ዓመት ደግሞ ተፈትኖ አለፈ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሳተመው ትዝታ ስለ ሦስቱ ፈታኞቹ በሰፊው ሲተርክ፣ መውደቁን ግን አንድም ቦታ አላነሳም። የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ደግሞ የባሕር ላይ አገልግሎቱን ከእውነተኛው አስበልጦ ማቅረቡን አግኝተዋል። ሰው የፈተናን ፍትሕ በሙሉ ልቡ ሊያምን፣ በፈተናው ፊት ደግሞ ሊያፍርና ሊዋሽ ይችላል።

ኮንራድ የመጀመሪያውን ፈተና ባለፈበት በዚያው ዓመት በነሐሴ፣ ከእኛው የአፍሪካ ቀንድ አቅራቢያ፣ አንድ አሳፋሪ ነገር ተፈጸመ። «ጄዳ» የምትባል የእንፋሎት መርከብ ወደ መካ የሚሄዱ 950 ያህል ሐጃጆችን ጭና ከሩቅ ምሥራቅ ስትመጣ፣ ከጓርዳፉይ ርእሰ ምድር ወዲያ በማዕበል ተመታች፤ ውሃም ገባት። ካፒቴኑና መኮንኖቹ ሐጃጆቹን ትተው በጀልባ ወረዱ። ሌላ መርከብ ካነሳቸው በኋላ «ጄዳ ሰጥማለች» ብለው ኤደን ላይ ተናገሩ። በማግስቱ ጄዳ በሌላ መርከብ ተጎትታ፣ ከነሐጃጆቿ፣ ኤደን ወደብ ገባች። የተሰበሰበው የምርመራ ችሎት የካፒቴኑን ምስክር ወረቀት ለሦስት ዓመት አገደ። ለዘጠኝ መቶ ሃምሳ ነፍስ ሦስት ዓመት! ኮንራድ «ሎርድ ጂም» የተባለውን ልቦለዱን ያቆመው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። መኮንኖቹ የተፈተኑና ያለፉ ነበሩ። ከዋክብትን ለክተው ያሉበትን ቦታ ማወቅ ይችላሉ። ያልተጠየቁት ግን «ሰዎቹን ትተህ ትወርዳለህን?» የሚለውን ነው። ቢጠየቁስ ማን «አዎ» ይል ነበር?

ለጥያቄው ትክክለኛውን መልስ መናገርና ጥያቄው ሲመጣ ትክክለኛውን ማድረግ የተለያዩ ናቸውና፣ ይህን በወረቀት መፈተን አይቻልም።

የዛሬው ሥርዓት ይህን ክፍተት በመጠኑ ለመድፈን ይጥራል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ1978 ያወጣው፣ በ1995 እና በ2010 ደግሞ በሰፊው ያሻሻለው የባሕረኞች የሥልጠና፣ የምስክር ወረቀትና የተረኝነት ስምምነት እንደሚለው፣ በመርከብ መምሪያ ክፍል ተረኛ መኮንን ለመሆን ዕድሜው ቢያንስ 18 መሆን፣ በታወቀ የሥልጠና ፕሮግራም ውስጥ ቢያንስ የ12 ወር የባሕር አገልግሎት መፈጸም፣ ከዚህም ስድስት ወሩን በመምሪያ ክፍሉ በክትትል ሥር ሆኖ መሥራት ያስፈልጋል። በመርከብ ላይ ያሉ መኮንኖች የካዴቱን የሥልጠና መዝገብ እየፈረሙ ይሄዳሉ። የምስክር ወረቀቱ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። ከ2010 ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ ቡድንን መምራትና ከሰው ጋር አብሮ መሥራት የሚማሩት ነገር ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መምሪያ ክፍል ውስጥ አንዱ ስሕተቱን እያየ ለአለቃው መናገር ስለፈራ የደረሰው አደጋ ትንሽ አይደለም።

በብዙ አገሮች ከዚህ ሁሉ በኋላ የቃል ፈተና አለ። ፈታኙ ራሱ ካፒቴን የነበረ ነው። ጠረጴዛው ላይ ትናንሽ የመርከብ ቅርጾችን ያስቀምጣል፤ «ሌሊት ነው፤ በስተቀኝህ ይህን መብራት አየህ፤ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። ተፈታኙ መርከቦች እንዳይጋጩ የወጣውን የ1972 ዓለም አቀፍ ደንብ አንቀጹን ከቁጥሩ ጋር በቃሉ ይዞ መምጣት አለበት። ይህን የሚያህል ቃል በቃል ማጥናት የሚጠይቅ ሌላ ሙያ ለማግኘት ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት መሄድ ያስፈልጋል። በሌላ ጉባኤ ቤት ድጓ የተማረ ሰው ጎንደር ወዳለው ቤተልሔም ሄዶ በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አምባ ይወርዳል። በዚያም ቢሆን መምህሩ የሚያዳምጠው ዜማውን ብቻ አይደለም፤ በስሙ «ይህ ሰው ያስተምር» ብሎ ሲለቀው፣ የሚለቀው ራሱን ነው።

ከዚያ የባሕር ደንብ ውስጥ ፈላስፋ የሚወደው አንቀጽ ሁለተኛው ነው። መንፈሱ እንዲህ ነው፦ ደንቡን መጠበቅህ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንህም፤ የባሕረኛ ሥራ የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ካጓደልህ ደንቡን እንደ ጋሻ አታነሳውም። አደጋው ከአፍንጫህ ሥር ሲደርስ ደግሞ ለመዳን ከደንቡ መውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። እንግዲህ ተፈታኙ ደንቡን ሁሉ በቃሉ ያጠናል፤ ካጠናቸውም አንዱ «ደንቡን የምትተውበት ጊዜ አለ» ይለዋል። መቼ? ደንቡ አይናገርም። ሊናገርም አይችልም፤ ከተናገረ ሌላ ደንብ ሆነ ማለት ነው።

አርስቶትል «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ይህንኑ ሐሳብ ሲያነሳ ምሳሌ ያደረገው ሕክምናንና የመርከብ መሪነትን ነው። በእነዚህ ሙያዎች ውስጥ እያንዳንዱ አጋጣሚ በአንድ ሕግ ሥር አይጠቀለልም፤ ሠሪው ራሱ ጊዜው የሚጠይቀውን ማየት አለበት። ወጣቶች በጂኦሜትሪ ሊራቀቁ ይችላሉ፣ አስተዋይነት ግን ከልምድ ስለሚመጣ ጊዜ ይፈልጋል ሲልም ሌላ ቦታ ጽፏል። የ12 ወሩ የባሕር አገልግሎት ከአርስቶትል የወጣ ባይሆንም፣ ሕግ አውጪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ ያው ነው። ሰውን በክፍል ውስጥ ብቻ ማብሰል አይቻልም።

በ15ኛው መቶ ዘመን በጁልፋር፣ በዛሬዋ ራስ አል ኸይማ፣ የተወለደው ታላቁ መርከበኛ አሕመድ ኢብን ማጂድ ደግሞ የመርከብ መሪዎችን በሦስት ደረጃ መድቧቸዋል። ዝቅተኛው አንዳንዴ የሚቀናው፣ አንዳንዴ የሚስት ነው። መካከለኛው በሄደባቸው ስፍራዎች የተመሰገነ፣ ሲሞት ግን ስሙ የሚረሳ ነው። ከፍተኛው የባሕር ነገር የማይሰወርበት፣ ከሞተም በኋላ በጻፈው የሚመሩበት ነው። ኢብን ማጂድ ስለ ቀይ ባሕርም ስለጻፈ ራሱን ከየትኛው እንደመደበ መገመት አይከብድም። ትሕትና ከመመዘኛዎቹ አንዱ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

የባሕር በር ያጣችው ኢትዮጵያም ከዚህ ክርክር ውጭ አይደለችም። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ባለው የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም በምሕንድስና የተመረቁ ወጣቶች ማሪን ኢንጂነርና የመርከብ ኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን ለመሆን ይሠለጥናሉ፤ ከዚያም በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ካዴት ሆነው ይሳፈራሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ሥራቸው ሲሆን ነው። ሞተሩን ደጋ ላይ መማር ይቻላል፤ ሌሊት በሞገድ መሀል ሞተሩ ሲቆም ሰው ምን እንደሚሆን ግን ሐይቁ አያስተምርም። ስለዚህ ማንም አገር፣ ባሕር ያለውም የሌለውም፣ የባሕር አገልግሎቱን ያላሟላውን መኮንን አይለውም።

ወረቀቱ ግን ይሸጣል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ባስጠናው ጥናት በሐሰተኛ የብቃት ምስክር ወረቀቶች ዙሪያ ከ12 ሺህ በላይ ጉዳዮች ተመዝግበዋል። በ2001 ደግሞ የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ የነበረው ዴቪድ ኮክሮፍት፣ የባሕር ልምድ ሳይኖረው፣ የፓናማን የአንደኛ መኮንንነት ወረቀት በገንዘብ አስወጥቶ ሥርዓቱ ምን ያህል ቀዳዳ እንዳለው አሳየ። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱ ምን ዋጋ አለው ያሰኛል።

ዋጋው ሌላ ቦታ ነው። ወረቀቱ ዕውቀትን የሚያሳየው በከፊል ነው፤ ልብን ደግሞ ፈጽሞ አያሳይም። ነገር ግን ሊነጠቅ ይችላል። ስም አለበት፣ የሰጠ አካል አለ፣ ጥፋት ሲኖር ሰውየው የሚጠራበት ችሎት አለ። የጄዳ ካፒቴን ሦስት ዓመት ብቻ መቀጣቱ ቢያስቆጣም፣ መጠየቁ ግን አልቀረለትም። በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ከጊልዮ ደሴት አጠገብ ካለ ዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ መርከቧን ትቶ የወረደው ካፒቴን ፍራንቸስኮ ስኬቲኖ የ16 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚታየው ተጠያቂነት በሌለበት ባሕር ነው። በነሐሴ 2017 በየመን ሻብዋ የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ፣ ደላሎች ከመቶ በላይ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ስደተኞችን፣ አብዛኞቹ ገና ልጆች የነበሩትን፣ ከጀልባ ወደ ባሕር ገፍተው ጣሉ፤ በርካቶቹ ሰጠሙ። እነዚያ የጀልባ መሪዎች ባሕሩን አያውቁም ማለት አይቻልም። ሞገዱንም፣ የጥበቃ ጀልባ የሚመጣበትንም ሰዓት ያውቃሉ። ችሎታቸውን ቢፈተኑ ምናልባት ያልፉ ነበር። የጎደላቸው በማን ስም እንደሚነዱ የሚጠይቃቸው፣ ያላቸውን የሚነጥቃቸው አካል ነው። የመርከብ መኮንን ፈተና ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዕውቀትን ከስም ጋር ያስራል።

ፕላቶን እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ ያመጣል። «ጎርጊያስ» በተባለው ሥራው ሶቅራጥስ ስለ መርከብ መሪ ይናገራል፦ ሰውን ከነሚስቱና ከነልጆቹ፣ ከነንብረቱ፣ ከግብፅ ወይም ከጥቁር ባሕር በሰላም አድርሶ ሁለት ድራክማ ይቀበላል፤ ከዚያም በመርከቡ አጠገብ በትሕትና ይመላለሳል። ለምን አይኮራም? እንዳይሰጥሙ ካደረጋቸው ሰዎች የትኛውን እንደጠቀመና የትኛውን እንደጎዳ ስለማያውቅ ነው። ክፉን ሰው በሰላም ማድረስ ለሰውየውም ጥቅም ላይሆን ይችላልና። ለሶቅራጥስ ይህ የሙያው ወሰን ነው፤ መሪው ሰውን ያደርሳል እንጂ መድረሱ መልካም መሆኑን አያውቅም።

ሶቅራጥስ ያለው ትክክል ቢሆንም፣ የባሕር ሕግ ከዚሁ አለማወቅ ግዴታ አውጥቷል። በባሕር የተጨነቀን ሰው ማዳን የካፒቴኑ ግዴታ ነው፤ ማን እንደሆነና መዳን ይገባው እንደሆነ መጠየቅ አይፈቀድለትም። መሪው ስለማያውቅ ብቻ የሚቀበለው ወሰን ሳይሆን፣ ቢያውቅም ሊያልፈው የማይገባ ወሰን ሆኗል። ሙያው በዚህ ነጥብ ከፈላስፋው ይልቅ ወደ ጳውሎስ የቀረበ ይመስላል፤ ያ እስረኛ መርከበኞቹ በጀልባ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ያስቆማቸው ለወታደሮቹም፣ ለእስረኞቹም፣ ምክሩን ላልሰማው መቶ አለቃም ነበር።

በነሐሴ 2001 የኖርዌይ ንብረት የሆነችው «ታምፓ» ከአንድ ልትሰጥም ከተቃረበች የኢንዶኔዥያ ጀልባ ላይ 438 ሰዎችን አነሳች፤ 433ቱ ጥገኝነት ፈላጊዎች፣ አብዛኞቹም አፍጋናውያን ነበሩ። የመርከቧ ሠራተኞች 27 ብቻ ናቸው። ካፒቴን አርነ ሪናን ወደ ክሪስማስ ደሴት ሲያመራ አውስትራሊያ እንዳይገባ ከለከለችው። እርሱ ግን በመርከቧ ላይ የታመሙ ስላሉ ወደ አውስትራሊያ ውሃ ገባ፤ ልዩ ኃይል መርከቧ ላይ ወጣ። ካፒቴኑ፣ ሠራተኞቹና የመርከቧ ባለቤት ኩባንያ በ2002 የናንሰን የስደተኞች ሽልማት ተሰጣቸው። ሪናን ለካፒቴንነት ሲፈተን የማዳን ግዴታውን ተምሮ እንደነበር አያጠራጥርም፤ አድኖ የሚያወርድበት ወደብ ሲነፈግ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን በዚያን ጊዜ በግልጽ የሚናገር ደንብ አልነበረም። በግንቦት 2004 ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነት ስምምነትን አሻሻለ። መንግሥታት የተረፉ ሰዎችን ወደ ደኅና ቦታ ለማድረስ እንዲተባበሩ፣ ያዳነውም ካፒቴን ከጉዞው ብዙ ሳይስተጓጎል ከኃላፊነቱ እንዲለቀቅ የሚያስገድደው ይህ ለውጥ ከሐምሌ 2006 ጀምሮ ይሠራል፤ ዛሬ ለካፒቴንነት የሚቀርብ ተፈታኝም አጥንቶት ይመጣል።